የሠርግ ወጪ የሚቀነሰው ከጥሪ ወረቀቱ ነው

ወጪ ለመቀነስ የሚነሱ ሙሽሮች መጀመሪያ የሚከራከሩት ከቬሎ አከራይና ከዲኮር ሠራተኛ ጋር ነው። ገንዘቡን የሚበላው ግን የእንግዳው ብዛት ነው፤ አዳራሹ፣ ሥጋው፣ እንጀራውና መጠጡ ሁሉ በሰው ልክ ይሰላል። መልስና ቅልቅል ሲጨመሩ ደግሞ ያው ዘመድ ሦስት ጊዜ ይደገስለታል። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ብቻውን አንድ ሙሉ ድግስ ያስቀራል። በጥር፣ ሁሉም በሚደግስበት ወር፣ አዳራሽ ከመሻማት የእድር ድንኳንና ብረት ድስት ተከራይቶ ግቢ ውስጥ መደገስም ያዋጣል።

«ዘመድ ይቀየማል» ይባላል። እውነት ነው፤ ትናንት በሠርጉ ያበላን ሰው ሳይጠሩ መቅረት ያሳፍራል። ቅያሜ ግን በሽማግሌ ይበርዳል፤ ለድግስ የተበደሩት ገንዘብ ጫጉላው ካለቀ በኋላም ይከፈላል። እናም ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ከሁለቱም ወላጆች ጋር ተቀምጣችሁ የእንግዶቹን ስም ጻፉ።