ልብስን እንደ ባሕርዩ ማጠብ

አንድ ጋቢ ከሰው ትከሻ ላይ ከመድረሱ በፊት በስንት እጅ እንዳለፈ ብናስብ፣ ለማጠብ በምንነሣበት ጊዜ እጃችን ጥቂት በተቆጠበ ነበር። ጥጡን ዳምጣ፣ አባዝታ፣ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች፤ ድሩን ዘርግቶ በማጉ የሸመነ ሸማኔ አለ። የብዙ ቀን ድካም የሆነው ይህ ሥራ ግን በአንድ ጧት፣ በአንድ ብርጭቆ በረኪና ሊበላሽ ይችላል።

የልብስ ጉዳይ ለቤተ ሰብ ቀላል ነገር አይደለም። ለቅዳሴ የሚለበሰው ነጠላ፣ የአባት ጋቢ፣ የእናት ቀሚስ፣ የመኝታው አንሶላ፣ ከወላጅ ለልጅ የሚተላለፈው ባና ሁሉ የቤት ሀብት ነው። አበው «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብለዋል። ቀሚሱ ለዘንድሮው ጥምቀት ደርሶ ለሚመጡትም ዓመታት እንዲቆይ የሚያደርገው ግን የባለቤቲቱ አያያዝ ነው።

ልብስን ለማጠብ የመጀመሪያው ጥበብ ምን ዓይነት ልብስ መሆኑን ማወቅ ነው። በቤታችን ያሉት ጨርቆች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከዕፅዋት የሚገኙት ጥጥና ተልባ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ከእንስሳት የሚገኙት የበግ ጠጉርና ሐር ናቸው፤ ሦስተኞቹ በፋብሪካ የሚሠሩት እንደ ናይሎንና እንደ ፖሊስተር ያሉት ናቸው። ናይሎን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ነውና ለአያቶቻችን ልማድ እንግዳ ነበረ፤ ስለዚህም ለጋቢ የተማርነው አስተጣጠብ ለርሱ አይስማማውም።

የጨርቁ ዓይነት ያጠራጠረ እንደ ሆነ ከዳርቻው አንድ ክር መዝዞ፣ ልጆች በሌሉበት፣ በሸክላ ሳሕን ላይ በእሳት መፈተን ይቻላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ የሚተወውም ለስላሳ ዐመድ ነው። የበግ ጠጉርና ሐር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታሉ፤ ቅሪታቸውም በጣት ሲነኩት ይደቅቃል። ናይሎንና ፖሊስተር ግን ይቀልጡና ሲበርዱ እንደ ጨሌ ጠጣር ይሆናሉ። ሁለት ዓይነት ክር የተቀላቀለበትን ጨርቅ ይበልጥ ደካማ የሆነው ክር በሚፈልገው መንገድ ማጠብ ይገባል።

ጥጥ ታጋሽ ነው። በውኃ ሲርስ ከደረቁ ይልቅ ስለሚበረታ፣ ነጭ አንሶላና ፎጣ ሙቅ ውኃንም መታሸትንም ይችላሉ። ይሁን እንጂ በእጅ የተፈተለው ሸማ ክሩ ላላ ያለ ነውና በኃይል ሊጠመዘዝ አይገባውም። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ በአንድ ገመድ ላይ አንጠልጥለው ቢተዉት በገዛ ክብደቱ ይለጠጣል። ስለዚህ በሳፋ ውስጥ በቀስታ እየተጫኑ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከዚያም በንጹሕ ነገር ላይ አስፍቶ ማስጣት ይሻላል። ሳሙናው ያልለቀቀ ነጭ ልብስ ውሎ አድሮ ይወይባል፤ ብዙዎች ግን ይህን እድፍ መስሏቸው ሌላ ሳሙና ይጨምሩበታል። በባዕድ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከቤት የተላከላቸውን ጋቢ በጋለ ማድረቂያ መኪና ውስጥ ባያስገቡት መልካም ነው፤ ይሸበሸባል፤ ያጥራልም።

የጥለት ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ብዙ ጊዜ ነጩን ነጠላ የሚያበላሸው እድፍ ሳይሆን የራሱ ጥለት ነው። ከመታጠቡ በፊት ነጭ ጨርቅ አርሶ ጥለቱን ጫን ብሎ ማሸት፣ ቀለም የወጣ እንደ ሆነም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይዘፈዝፉ፣ ፈጥኖ ማጠብ ነው። እርጥቡን ነጠላ አጥፎ ወይም ጠቅልሎ መተው ጥለቱን ከነጩ ጋር ያገናኘዋልና ወዲያው ተዘርግቶ ይስጣ። ጨው ቀለምን ያጸናል የሚለውን ልማድ ብዙዎች ያምኑበታል፤ ነገር ግን ከተሠራ በኋላ ለሚለቅ ቀለም ጨው አስተማማኝ መድኀኒት አይደለም።

የበግ ጠጉር ከጥጥ የተለየ ባሕርይ አለው። የጠጉሩ ገላ በዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ሙቀትና መታሸት ሲያገኘው ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ተኮማትሮ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ባናንና የሱፍ ሹራብን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃና በለዘበ ሳሙና፣ ሳያሹና ሳይጠመዝዙ ማጠብ፣ የሚለቀለቅበትም ውኃ ሙቀቱ የመጀመሪያውን ያህል እንዲሆን ማድረግ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን መምጠጥ፣ በጥላም አግድም ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። በርኖስን ግን አዘውትሮ ከማጠብ ይልቅ አራግፎ፣ ቦርሾ፣ ነፋስ ማስመታት ይበልጣል። ሐርም እንዲሁ በቀስታ ይያዝ፤ ብርቱ ፀሐይ ያደክመዋልና በጥላ ይድረቅ።

ናይሎንና ፖሊስተር ፈጥነው ይደርቃሉ፤ ብልም አይበላቸውም፤ ጠላታቸው ግን ትኩስ ካውያ ነው። የፋብሪካ ልብስ ከሆነ በውስጥ በኩል ያለችውን ትንሽ ምልክት ማንበብ ይጠቅማል። በካውያው ሥዕል ላይ አንድ ነጥብ ያለ እንደ ሆነ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ፣ ሁለት ከሆነ ከ150፣ ሦስት ከሆነ ከ200 እንዳያልፍ ማለት ነው። ሦስት ማዕዘን በመስቀለኛ መሥመር ተሰርዞ የታየ እንደ ሆነ በረኪና የተከለከለ ነው።

ስለ እድፍም ጥቂት እንናገር። ደም፣ ወተትና ዕንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፤ ሙቅ ውኃ ከጨርቁ ጋር ያጣብቃቸዋል። ቅቤና ዘይት ግን ሳሙናና ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ሙቀቱም ጨርቁ የሚችለውን ያህል ይሁን። የአልጫ እርድ ሳሙና ሲነካው ድንገት ወደ ቀይ ቢለወጥ አትደንግጡ፤ የእርድ ባሕርይ ነው፤ በደንብ ሲለቀለቅ ወደ ብጫነቱ ይመለሳል፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ከሆነም የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። የጧፍ ሰም በነጠላ ላይ የነጠበ እንደ ሆነ እስኪደርቅ ትቶ በጥፍር ማንሣት፣ ከዚያም ከላይና ከታች ንጹሕ ወረቀት አድርጎ ለብ ባለ ካውያ መጫን ነው፤ የቀለጠውን ሰም ወረቀቱ ይመጥጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስጠነቅቅ የምንወደው ስለ በረኪና ነው። በረኪና ጥጥን በየጊዜው ያደክማል፤ የበግ ጠጉርንና ሐርን ግን ያበላሻል፤ ሲበረታም ያሟሟቸዋል። ጉዳቱም በልብስ ብቻ አይቀርም። በረኪናን ከሎሚ፣ ከሆምጣጤ፣ ከአሞንያ ወይም ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር የቀላቀለ ሰው መርዛም ጋዝ ይነሣበታል፤ ይህም ሳንባን የሚጎዳ፣ ለሞትም የሚያደርስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰ እንደ ሆነ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት፣ የታመመውንም ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ለሕፃናት ወጥመድ መዘርጋት ነው።

በረኪና ሳይመጣ እናቶቻችን ነጩን ሸማ የሚያነጹት በእንዶድ ነበር። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ዛሬም የሚጠቀሙበት ቤቶች አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚህም ተነሥተው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ። ይኸው ኃይሉ ዓሣንም ይገድላልና እጣቢው ወደ ወንዝ አይደፋ፤ ሲወቀጥም ዱቄቱ ዓይንንና አፍንጫን ስለሚያቃጥል ጥንቃቄ ያሻል።

በመጨረሻም ልብስ ታጥቦ ካልተጠበቀ ድካሙ ከንቱ ነው። በወንጌል ስሙ የተጠራው ብል የሚበላው በተለይ የበግ ጠጉርንና ሐርን ነው፤ የሚበላውም ትንኝ መስሎ የሚበረው ሳይሆን ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን ልብስ ይበልጥ ስለሚወድድ፣ ለክረምት የሚቀመጥ ልብስ ሁሉ ታጥቦና ፈጽሞ ደርቆ ወደ ሣጥን ይግባ፤ በየጊዜውም እየወጣ ይራገፍ። ናፍታሌን የምትጠቀሙ ብትኖሩ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው እንዳያነሡት ተጠንቀቁ፤ መርዝ ነውና።

ይህን ሁሉ መፈጸም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይጠይቃል እንጂ። እናቶችና አባቶች ሆይ፤ ሴቶች ልጆቻችሁንም ወንዶች ልጆቻችሁንም በሳፋው አጠገብ አቁማችሁ የእያንዳንዱን ጨርቅ ባሕርይ አስተምሯቸው። የፈታይዋንና የሸማኔውን ድካም ማክበር ከዚያ ይጀምራል፤ አያት የለበሰችውንም ነጠላ የልጅ ልጅ ትለብሰው ዘንድ ይቻላል።