ጎሬ ላይ የተደበቀ፣ ጋምቤላ ላይ የሚገለጥ፦ አየር የሚስብ ካርቡሬተር

አሮጌ ቮልስዋገን ወይም ላዳ የያዘ ሰው ይህን ሕመም ያውቀዋል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ሊጠፋ ይዳዳዋል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት ሚኒሞውን፣ ማለትም ቆሞ ሲሠራ ያለውን የሞተር ፍጥነት፣ ከፍ ማድረግ ነው። የሚኒሞው ብሎን ሩብ ዙር ትዞራለች፣ ሞተሩ ይረጋጋል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። ሕመሙ ግን አብሮት ይሄዳል፤ ካርቡሬተሩ መግቢያ ባልተሠራለት ቀዳዳ አየር እየሳበ ነውና።

የካርቡሬተር ሥራ አየርና ቤንዚን በልክ ማደባለቅ ነው። ልኩ በክብደት ለ1 ቤንዚን 14.7 ያህል አየር ነው። ፒስተኖቹ ሲወርዱ ከካርቡሬተሩ በታች ኃይለኛ መምጠጥ ይፈጠራል። መኪናው ቆሞ ሲሠራ አየር የምታሳልፈው ክብ መዝጊያ ለመዘጋት ጥቂት ነው የሚቀራት፤ መምጠጡ የሚበረታው፣ የሚገባው አየር የሚያንሰውም ያን ጊዜ ነው። በዚህ ሰዓት ሾልኮ የሚገባ ጥቂት አየር ድብልቁን ያሳሳዋል። ነዳጅ ሲሰጥ መዝጊያዋ ተከፍታ ብዙ አየር ስለሚገባ ሾልኮ የገባው ከቁጥር አይገባም። ቆሞ የሚታመም፣ ሲሄድ የሚሻለው መኪና ነገሩ ይህ ነው።

ጎሬ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በኢሉባቦር ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ ስፍራ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ቀዳዳው አየር ይጨምራል፣ ከፍታው ቤንዚን ያበዛል፤ አንዱ የሌላውን ጥፋት ይሸፍናል። ድሮ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ወርዶ በባሮ ወንዝ የእንፋሎት መርከብ ላይ ይጫንባት ወደነበረችው ጋምቤላ ግን ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል። አየሩ ይወፍራል፣ የቤንዚኑ ብልጫ ይቀራል፣ ቀዳዳው ብቻውን ይቀራል። ጎሬ ላይ ደህና የነበረ ሞተር ጋምቤላ ሲደርስ የሚግለው፣ በካርቡሬተሩ በኩል የሚያስነጥሰው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በመምጠጥ መለኪያ የሚሠራ መካኒክም ከፍታውን ማስታወስ አለበት። የውጭ መጻሕፍት ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል ይላሉ፤ ይህ ለባሕር ጠለል ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ስለሚቀንስ፣ ጎሬ ላይ ከ10 እስከ 14 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው።

ያረጀ ካርቡሬተር በብዛት የሚበላው መዝጊያዋን በሚያዞረው ቀጭን ዘንግ ዙሪያ ነው። ዘንጉ ብረት፣ አካሉ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ አቧራ ሲገባበት በእያንዳንዱ ነዳጅ መስጠት እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ሞተሩን አጥፍተህ ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ያዝና አነቃንቀው። በርዝመቱ ትንሽ ቢንሸራተት አያስደነግጥም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀጫቀጨ ግን ቀዳዳው ሰፍቷል። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን፣ አለቅጥ በመጥበቅ የጎበጠ መቀመጫ፣ ወደ ዲስትሪቢዩተርና ወደ ፍሬን ሰርቦ የሚሄዱ የተሰነጠቁ ጎማዎችም ይፈተሹ።

ለፍተሻው ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው። ሞተሩ እየሠራ ከካንዴላና ከዲስትሪቢዩተር አርቆ በትንሽ መርጫ ውኃ ነካ ማድረግ ይበቃል። ውኃው ቀዳዳው ላይ ሲያርፍ ጠብታዋ ወደ ውስጥ ትሰርጋለች፣ የሞተሩም ድምፅ ለቅጽበት ይለወጣል። ጎማዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጠጥ ማድረግ ነው፤ ሞተሩ ሲረጋጋ ጥፋተኛው ተገኘ።

የተሰነጠቀ ጎማና ያረጀ ጓርኒሲዮን ይለወጣሉ። የጎበጠ መቀመጫ በመስተዋት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ይስተካከላል። ተራ ሲሊኮን መቀባት ግን ከንቱ ነው፤ ቤንዚን ያላቅቀዋል፣ ፍርፋሪውም ቀጭን መተላለፊያዎችን ይደፍናል። የሰፋው የዘንግ ቀዳዳ የቶርኖ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ወገን በአንድ መስመር ይቦረቦራል፣ የነሐስ ቀለበት ይገባበታል፣ ከዚያ ዘንጉ በልኩ ይገጠማል። መዝጊያዋ ከመውጣቷ በፊት አቅጣጫዋ ምልክት ይደረግ፤ ጠርዟ በአንድ በኩል ያዘመመ ነው። የምትይዛቸው ትንንሽ ብሎኖችም ሲመለሱ እንዳይላሉ በደንብ ይታሰሩ፤ አንዷ ብትወልቅ መንገዷ ወደ ሲሊንደሩ ነው።

የመጨረሻዋ የድሮዋ ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ተተኪ የላቸውምና ጠግኖ ማኖር ቁም ነገር ነው። እናም ባለ መኪናም ሆንክ መካኒክ፣ ካቻቢቴውን ወደ ሚኒሞ ብሎን ከመስደድህ በፊት ቀዳዳውን ፈልግ። ብሎኗ የምትስተካከለው መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳው ሁሉ ከተደፈነ በኋላ ነው።