በእጅ ሬዲዮ ላይ የትኛውን ባንድ እንምረጥ?

በእጅ የሚያዝ የአማተር ሬዲዮ ሲከፍቱ አስቀድሞ የሚመረጠው ባንዱ ነው። የተለመዱት ሁለት ናቸው፤ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ያለው «ሁለት ሜትር» እና ከ430 እስከ 440 ያለው «ሰባ ሳንቲ ሜትር»። ስማቸው የሞገዳቸው ርዝመት ነው፤ 300ን ለሜጋኸርዙ ቢያካፍሉ ያገኙታል።

ከጎንደር በስተሰሜን እንዳለችው ትክል ድንጋይ ባለ ኮረብታማ አገር፣ ዛፍና ሸንተረር ሲበዛ ሁለት ሜትሩ በመጠኑ ይሻላል። ሰባ ሳንቲ ሜትሩ በሕንፃዎች መካከል ይመቻል። ተራራን ግን ሁለቱም አያልፉም፤ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ኃይል ከመጨመር ከፍታ ላይ መውጣት ይበልጣል።

ልጆችዎን አንድ ነገር ያስጠንቅቁ፦ ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ከእነዚህ ባንዶች ውጭም ይከፈታሉ፤ እዚያ የነፍስ አድን ሠራተኞች ሊነጋገሩ ይችላሉ። የመናገሪያውን ቁልፍ በዘፈቀደ መጫን የእርዳታ ጥሪ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ከመናገር በፊት ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቁ።