ለተወካያችን ስለ ምርጫ ውጤት ስንጽፍ

በምርጫ ሰሞን ዶርም ውስጥ ሁለት ወሬ ይበዛል፤ «ድምፅ ተሰረቀ» የሚልና «ዝም በሉ፣ አያገባችሁም» የሚል። ሁለቱም አይጠቅሙንም። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተሰጠን መብት ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ውጤት ሲያወዛግብ ቅሬታዎች ተጣርተው ነሐሴ 15 በ31 የምርጫ ክልሎች ድጋሚ ድምፅ ተሰጥቷል። ጎዳና ላይ ግን ሰው አለቀ፤ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችን ሞት መዝግቧል። ከእኛ አንዳንዱ ያኔ ገና አልተወለደም። የ2005ቱ የመጅሊስ ምርጫም በመስጂድ ፈንታ በቀበሌ መካሄዱ ምን ያህል ቅሬታ እንዳስነሳ ታላላቆቻችን ያውቁታል።

አንድ ነገር ይታወቅ፦ ተወካይ ውጤት መሰረዝ አይችልም። በአዋጅ 1162/2011 መሠረት ቅሬታ የሚጀምረው ከምርጫ ጣቢያው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ እስከ ምርጫ ቦርድና ፍርድ ቤት ይሄዳል። የጊዜ ገደቡ አጭር ነው። ይህን ትቶ ደብዳቤ መጻፍ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ታዲያ ለተወካዩ ለምን እንጽፋለን? ቦርዱ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለሆነ ነው። ሪፖርት ሲያቀርብ ተወካያችን ሊጠይቀው ይችላል። «እሱ ራሱ በዚያው ውጤት የተመረጠ አይደለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፤ በ2013 ከታወጁት 436 መቀመጫዎች 410ሩን ያገኘው ገዢው ፓርቲ ነበር። ስለዚህ «አላሸነፍክም» ብለን አንጀምር። እምቢ ለማለት የሚያሳፍረውን እንጠይቅ፦ የየጣቢያው ውጤት ለሕዝብ ይውጣ፣ ለቀረበው ቅሬታ የጽሑፍ መልስ ይሰጥ። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጥያቄ። አንቀጽ 54 ተወካዩን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝብና ለሕሊናው ተገዢ እንደሚያደርገው በአክብሮት ማስታወስ ይቻላል።

ዋናው ማስረጃው ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በጣቢያው ይለጠፋል፤ ያንን ቁጥር በኋላ ከታወጀው ጋር ማስተያየት ነው። ላብ ሪፖርት ስንሠራ የምንጽፈው መሣሪያው ያሳየንን ነው፣ የጠበቅነውን አይደለም። ያየነውንና የሰማነውን ለየብቻ እናስቀምጥ፤ ወሬን ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነው። ልዩነት ካልተገኘ ደብዳቤው ይቅር።

የጀመዓው ስም አይግባበት። ጀመዓችን የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ አይደለም፤ እንደ ዜጋ በየስማችን እንፈርም። ደግሞ ሐዋሳ ስለተማርን ብቻ ሁላችንም የሐዋሳ መራጮች አይደለንም፤ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከስልጤ የመጣን አለን። እያንዳንዱ መራጭ ሆኖ ለተመዘገበበት የምርጫ ክልል ተወካይ ይጻፍ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የምርጫ ክልሉና የጣቢያው ስም ከላይ ይቀመጥ። ሁለት ኮፒ ይዘን እንሂድ፣ መዝገብ ቤት በእኛ ኮፒ ላይ ቁጥርና ማኅተም ያድርግበት። በወሩ መልስ ካልመጣ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው።