መጀመሪያ አንገቱን ተመልከቱ

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በአሥራ አምስተኛው ቀን እኅቴ ከሜሪላንድ የላከችው ማዘያ ደረሰኝ። ሰፊ የወገብ ቀበቶ አለው፤ የትከሻ ማሰሪያዎቹ በስፖንጅ ተደልድለዋል፤ ዘለበቶቹ ሲቆለፉ ቀጭ ይላሉ። እኔ ስለ ቀለሙና ስለ ጨርቁ ልስላሴ ሳወራ እናቴ እያገላበጠች ስታየው ቆየች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «አንገቱን የሚይዝለት የቱ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አዲስ ወላጆች «የቱን ማዘያ እንግዛ?» ሲሉኝ ከእናቴ ጥያቄ እጀምራለሁ። ሰው ሱቅ ገብቶ ዋጋውን፣ የድርጅቱን ስምና መልኩን ያያል። መታየት ያለባቸው ግን ሦስት የአካል ክፍሎች ናቸው፤ የልጁ አንገት፣ የልጁ ዳሌ፣ የተሸካሚው ወገብ። ያስቀመጥኳቸው ጉዳቱ በሚፈጥንበት ቅደም ተከተል ነው። የአንገት ስህተት በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ይወስዳል። የዳሌው በወራት ይታያል። የወገቡ ማታ ማታ ያሳምማል፤ ቀበቶ በማስተካከልም ይድናል።

አራስ ልጅ ሲወለድ ከቁመቱ ሩቡ ያህል ራስ ነው። ያን ራስ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የአንገት ጡንቻ ገና የለውም። የአየር ቧንቧው ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ እንደታጠፈ የውኃ ጎማ ይጠባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፤ አፍንጫው በጨርቅ ወይም በእናቱ ጡት ከተሸፈነ ፊቱን አዙሮ ማምለጥ አይችልም። አያለቅስም፣ አይታገልም። በዚህ ሁኔታ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ጥሩ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ጸጥታ ነው።

ጉዳዩ በአሜሪካ ብዙ መዘዝ አስከትሏል። በአንድ ትከሻ ተንጠልጥለው ልጁን እንደ ከረጢት በውስጣቸው የሚያስተኙ ማዘያዎች ገበያውን ሞልተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ማዘያዎች ጋር የተያያዘ የ14 ሕፃናት ሞት ተመዝግቧል፤ 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። በዚያው ወር አንድ አምራች 1 ሚሊዮን ያህል ማዘያዎቹን ከገበያ ሰበሰበ። ለዚህ ዓይነት ማዘያ በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ነው። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ ያረጀ ማዘያ ከሰው ቤት ወደ ሰው ቤት፣ ከዚያም በሰልባጅ ቦንዳ ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው። ጥልቅ ከረጢት የሚመስልና ልጁ ጎብጦ የሚተኛበት ማዘያ ካገኛችሁ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱት። ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ፣ ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ወይም ጉንፋን ለያዘው ልጅ አደጋው ይብሳል።

ታዲያ ደኅና መያዙን በምን እናውቃለን? በእንግሊዝ የማዘያ ባለሙያዎች ወላጅ በቃሉ ይዞት እንዲዞር ያዘጋጁት መመዘኛ አለ፤ እኔ እናት ገና ቆማ ሳለ በእጇ እንድትሞክረው አድርጌ እነግራታለሁ። ልጁን አስራችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ፊቱ ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፤ ጨርቅ እየገለጣችሁ የምትፈልጉት ከሆነ አልሆነም። አንገታችሁን ዝቅ ስታደርጉ ግንባሩን መሳም ከቻላችሁ ከፍታው ልክ ነው። ከአገጩ ስር ጣታችሁን አስገቡ፤ ጣት ካልገባ ቧንቧው እየታጠፈ ነው። መዳፋችሁን ጀርባው ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉ፤ የተጣጠፈው ሰውነቱ ከተዘረጋና ይበልጥ ወደ እናንተ ከተጠጋ ማዘያው ላልቷል። ላላ ያለ ማዘያ ለልጁ የሚመች ይመስለናል። ራሱን የማይችል ልጅ ግን በላላ ጨርቅ ውስጥ ቁልቁል ይንሸራተትና አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ለአራስ የሚሆነው ሆዱን ከደረታችሁ ጋር አጣብቆ ቀጥ ብሎ የሚያዝበት ነው። ይህ አያያዝ ነፍስ ሲያድን ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ፣ ማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች ክብደታቸው አነስተኛ የሆነ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ራቁት ደረት ላይ ማሰር ጀመሩ። የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው፤ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ሲሆን፣ እንክብካቤው ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ሲሰጥ ሞትን በ25 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ከማናቸውም ዕቃ በፊት ማዘያው የእናት ደረት ነበር ማለት ነው።

እናቴ አንገቱ እስኪጠና ድረስ ልጄን ጀርባዋ ላይ አላስቀመጠችውም። አቅፋ ታስተኛዋለች እንጂ አታዝለውም። አማርኛችን እነዚህን ይለያቸዋል፤ በፊት ሲሆን ማቀፍ፣ በጀርባ ሲሆን ማዘል፣ በትከሻ ሲሆን እሽኮኮ። አንዱ ቃል ሌላውን አይተካም፤ ዕድሜያቸውም የተለያየ ነው። ጀርባ ላይ ያለን ልጅ ፊት ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ራሱን ቀና አድርጎ መያዝ እስኪችል መጠበቅ አለበት። ይህ ለብዙ ልጆች በአራተኛው ወር ገደማ ነው። ባለዘለበት ማዘያ የሚሠሩ ድርጅቶች በአብዛኛው ለጀርባ ስድስት ወር ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር እስማማለሁ።

አሁን ወደ ዳሌው። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌው ላይ ያለው ማቀፊያ ደግሞ እንደ ስኒ ነው። ልጁ ሲወለድ ስኒው ገና አልጠነከረም፤ ከአጥንት ይልቅ ለስላሳ ልምአጥንት ይበዛበታል። ጥልቀቱን የሚያገኘው ኳሱ መሐሉ ላይ ሲያርፍበት ነው። ጭኖቹ ከፈት፣ ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ሲሉ ኳሱ ቦታውን ይይዛል፤ እንቁራሪት ስትቀመጥ እግሯን የምታደርግበትን አስቡ። እግሮቹ ቀጥ ብለው ተጠቅልለው ሲታሰሩ ግን ኳሱ ወደ ጠርዝ ይገፋል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1975 የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር አገር አቀፍ ዘመቻ ተደርጎ የዳሌ ውልቃት እጅግ ቀንሷል። አራስን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ የምትጠቀልሉ አያቶችና ሞግዚቶች ይህን ብትሰሙልኝ ደስ ይለኛል፤ እጁን ጠቅልሉ፣ እግሩን ግን ልቀቁለት።

ስለዚህ ማዘያ ስትመርጡ የመቀመጫውን ስፋት ለኩ። ጨርቁ ከአንዱ ቋንጃ እስከ ሌላው መድረስ አለበት። በጭኖቹ መካከል በምታልፍ ጠባብ ጨርቅ ብቻ ተንጠልጥሎ እግሮቹ እንደ ደወል የሚወዛወዙበትን ተዉት። ልጁ ወደ ውጭ እንዲመለከት የሚያደርጉት ማዘያዎችም አብዛኛውን ጊዜ ጭኑን አይደግፉም፤ ራሱንም የሚያሳርፍበት አያገኝም። ከስድስት ወር በኋላ፣ ነቅቶ ሳለ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይሁን። በመቀመጫው የተወለደ ወይም በቤተሰቡ የዳሌ ችግር ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ማዘያ ከመግዛታችሁ በፊት ዳሌዋን ለሐኪም አሳዩ።

እዚህ ላይ የአገራችን እናቶች የያዙት ዕውቀት ልቤን ይሞላዋል። አንቀልባን አስቡ፤ የለፋ ቆዳ፣ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ፣ ሰፊው ገጽ ከልጁ መቀመጫ ስር የሚውል፣ ጠፍሩ በእናቲቱ ደረት ላይ የሚታሰር። ልጁ እግሩን አንፈራጦ ወገቧን ይይዛል፤ ጉልበቶቹ ከፍ ይላሉ። ሐኪሞች የሚያዝዙት አቀማመጥ እኮ ይኸው ነው። ልጅ በጀርባ በሚታዘልባት ማላዊ፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2012 ብላንታይር ላይ ያከሟቸውን ሕፃናትና ልጆች መዝገብ አገላብጠው ነበር። ከ40 ሺህ በላይ ከሆኑት መካከል ለዚህ የዳሌ ችግር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አንድም አላገኙም። ዛሬ በውጭ አገር የሚሸጠው የደረት ማዘያም ከአፍሪካ የተቀዳ ነው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰላም ጓድ ቶጎ ስትሠራ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲውሉ አየች። አገሯ ተመልሳ ለራሷ ልጅ ሞከረችው፤ እናቷ ሰፋችላት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ስናግሊ የተባለውን ማዘያ በፈጠራ መብት አስመዘገበች። እኅቴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ ከእሱ የተወለደ ነው።

«ማዘል ልጁን ሸፋፋ ያደርገዋል» የሚለውን ሳልነካ አላልፍም፤ ብዙ የከተማ እናቶችን ከማዘል ያስቀረ ወሬ ስለሆነ። ሕፃን ሁሉ እግሩ ጎበጥ ብሎ ነው የሚወለደው፤ በማኅፀን ተጣጥፎ ስለኖረ ነው። እስከ ሁለት ዓመት ገደማ በራሱ ይቃናል፤ የታዘለውም ያልታዘለውም። ከዚያ ካለፈ ወይም እየባሰ ከሄደ ጥፋቱን ማዘያው ላይ አትፈልጉ። ሪኬትስ ሊሆን ይችላል፤ የቫይታሚን ዲ እጥረት ማለት ነው። በፀሐይ አገር እየኖርን ልጁን ከቤት ባለማውጣትና ተሸፋፍኖ እንዲውል በማድረግ የምናመጣው በሽታ ነው፤ ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

ስለ ተሸካሚው ባጭሩ። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቀበቶው ቁስሏ ላይ የሚያርፍ ማዘያ አትልበስ፤ ለእሷ ከጡቷ በላይና ከትከሻዋ ጋር የሚታሰር ረጅም የመጠቅለያ ጨርቅ ይሻላል፤ እሱንም ሐኪሟን ጠይቃ። የሚለጠጥ ጨርቅ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይመቻል፤ ልጁ ሲከብድ ግን ይረግባል። በቀለበት የሚጠብቀው የጨርቅ ማዘያ ባንድ ትከሻ ስለሆነ ለአጭር ጊዜ፣ ቶሎ ለማውጣትና ለማጥባት ጥሩ ነው። ስታጠቡ ዝቅ ታደርጉታላችሁ፤ ሲጨርስ መልሶ ከፍ ማድረግ አይረሳ። ባለዘለበቱ ክብደቱን ከትከሻ ወደ ዳሌ ስለሚያወርደው ለረጅም መንገድና ለአባቶች ይሆናል። ቀበቶው እምብርት አካባቢ ጠበቅ ማለት አለበት፤ ወደ ታች ከወረደ ትከሻው ብቻውን ይሸከማል። ያገለገለ ስትገዙ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳቡ፣ ዘለበቱን ደጋግማችሁ ቆልፉ፤ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ አይጠገንም።

አዝሎ የማይሠራ ሥራም አለ። ልጅ ደረት ላይ ሆኖ ቡና ማፍላት፣ ትኩስ ወጥ ማማሰል፣ ጀርባ ላይ ሆኖ ጭስ ያለበት ማድቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር ይቅር። በመኪና ማዘያ የልጅ መቀመጫን አይተካም። ታክሲ ላይ ጀርባችሁ ላይ ያለውን ልጅ ሳታወርዱ ወደ ኋላ ተደግፋችሁ አትቀመጡ፤ ይጨፈለቃል። በዱባይ ወይም በጅዳ ሙቀት የምትኖሩ ደግሞ ጨርቁንም እንደ ልብስ ቁጠሩት፤ ከስሩ አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል።

«ከታቀፈ ይለምዳል» የሚሏችሁ ይኖራሉ። በሞንትሪያል የተደረገ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ ጥናት እናቶች ልጃቸውን በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ጨምረው እንዲታቀፉ አደረገ። በስድስተኛው ሳምንት እነዚያ ሕፃናት ከሌሎቹ በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። እኔ ያለ አንዳች ጥርጣሬ አቅፌያለሁ፤ እናንተም እቀፉ።

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላው ባለቤቴ ማዘል መማር ፈለገ። እናቴ መጀመሪያ አምስት ኪሎ ጤፍ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው። «ና ልጄ፣ ከአልጋው አጠገብ ቁም፤ ቢወድቅ እንኳ ፍራሽ ላይ ይወድቃል።» ጎንበስ አስባለችው፤ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ እስኪሆን። ጤፉን ሦስት ጊዜ አዘለ፣ ሦስት ጊዜ አወረደ። በአራተኛው ልጁን አስቀመጠችለት። አንድ እጁ የልጁን ክንድ በብብቱ ስር ይዞ፣ በሌላው ማዘያውን ከመቀመጫው ስር እስከ ቋንጃው ሳበው። ቀና ሲል ልጁ ጉንጩን በአባቱ ትከሻ ላይ አሳረፈ። እናቴ ከኋላ ዞራ ጣቷን ከአገጩ ስር አስገባች።