ለአንዲት እናትና ለሁለት ሕፃናት የሚበቃ የምስጋና ማዕድ

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ይልቁንም በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂንያ ግዛቶች የሚኖሩት ቤት ሠርተው፥ ልጆች ወልደው ተቀምጠዋል። ልጆቻቸውም በዚያው አገር ትምህርት ቤት ስለሚማሩ የአገሩን በዓል ሁሉ ከመምህሮቻቸውና ከባልንጀሮቻቸው ሰምተው ወደ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ከእነዚህም በዓላት አንዱ በኅዳር ወር የሚውለው፥ በእነርሱ ቋንቋ ታንክስጊቪንግ የሚባለው የምስጋና ቀን ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንጽፈው ስለዚህ ቀን ማዕድ ነው፤ ይኸውም ሃያ ሰው ስለሚከበው ስለ ታላቁ ገበታ ሳይሆን፥ አንዲት እናት ለራሷና ለሁለት ሕፃናት ስለምታዘጋጀው ስለ ትንሹ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ምክንያት የሆነችን በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእኅታችን ልጅ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ በምስጋና ቀን ጓደኞቹን ከነቤተ ሰቦቻቸው ይጠራ ነበር። ተርኪ የሚባለውን ታላቅ ዶሮ ሰባት ኪሎ የሚመዝነውን መርጦ የሚገዛውም፥ የሚያበስለውም እርሱ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ዐረፈ። በአራተኛው ወር በዓሉ ደረሰ፤ ቀኑም ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። እርስዋም ልጆቹ የአባታቸውን ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳያጡ ብላ፥ ያው ሰባት ኪሎ የሚመዝን በበረዶ የደረቀ ተርኪ ገዝታ ብቻዋን ተሸክማ ገባች። ረቡዕ ማታ ከበረዶው አወጣችው። ኀሙስ ቀትር ላይ ወደ ምድጃ ስታገባው ውስጡ ገና ድንጋይ ነበር። በመሸ ጊዜ ላዩ ጠቍሮ ውስጡ ደም ሆኖ ተገኘ።

በማግስቱ በስልክ ስትነግረን ታለቅስ ነበር። «ጋሼ፥ ልጆቼ በምስጋና ቀን ዳቦ በወተት በልተው ተኙ» አለችን። እኛም በዚያች ሰዓት ሰው የሚለውን ብለን አጽናናናት። በኋላ ግን በፍርድ ቤት መዝገብ እንደምናደርገው ነገሩን ከሥሩ መርምረን ስናየው፥ ስሕተቱ የተገኘው በልኩ ላይ ነው። በበረዶ የደረቀ ተርኪ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ እንዲለሰልስ ለየሁለት ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሰባት ኪሎው ሦስት ቀን ከመንፈቅ ይፈልግ ነበር፤ ለማብሰልም አራት ሰዓት ያህል። የአገሩ ባለሙያዎች ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል ይላሉ። አንዲት ሴትና ሁለት ሕፃናት ሰባት ኪሎውን ቢያበስሉትስ መቼ ይጨርሱታል?

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ እንደገና ደወለችልን። «ዘንድሮ እንተወው ይሆን?» አለች። ትልቂቱ ልጅ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ወንዱ ሦስት። ሴቲቱ ከትምህርት ቤት የተርኪ ሥዕል ሠርታ አምጥታ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ ነበርና፥ እንተወው ማለት የሚቻል አልነበረም።

እኛ በልጅነታችን ፊደልና ዳዊት በቤተ ክርስቲያን ከተማርን በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተን ነበር። በዚያም የነበሩት አሜሪካውያን መምህራን በኅዳር ወር በአንዱ ኀሙስ ትምህርት ዘግተው ማዕድ ያዘጋጁ ነበር። በአካባቢው ተርኪ ስለማይገኝ ከገበያ ሁለት ዶሮ ገዝተው፥ ጠብሰው፥ ስኳር ድንችና ዱባ ጨምረው ያቀርቡ ነበር። አንድም ቀን በዓሉ ጐደለብን ሲሉ አልሰማንም። ለእኅታችን ልጅ የነገርናትም ይህንኑ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ይህን አይከለክልም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1620 ሜይፍላወር በምትባል መርከብ ከእንግሊዝ አገር የተሻገሩት ሰዎች ፕሊማውዝ በተባለው ስፍራ ሰፈሩ፤ በመጀመሪያውም የብርድ ወራት እኩሌታ ያህሉ ሞቱ። በ1621 መከሩ ከገባ በኋላ ግብዣ አደረጉ። የዋምፓኖአግ ሕዝብ አለቃ ማሳሶይትም ከዘጠና ያህል ሰዎቹ ጋራ መጥቶ ሦስት ቀን አብሮአቸው በላ፤ ሰዎቹም አምስት አጋዘን አድነው አመጡ። በዚያ የነበረው ኤድዋርድ ዊንስሎ ይህን በደብዳቤ ሲጽፍ አዕዋፍ መታደናቸውን ይናገራል እንጂ ተርኪን በስሙ አይጠራም። ከዚያ በኋላ በነባሩ ሕዝብ ላይ ብዙ መከራ ስለ ወረደ፥ ከ1970 ጀምሮ ከእነርሱ ወገን ብዙዎች በዚያው ቀን በፕሊማውዝ ተሰብስበው የኀዘን ቀን ያደርጉታል። ለልጆች ታሪኩ ሲነገር ይህም ሊነገር ይገባል። ፕሬዚደንት ሊንከን በ1863 የኖቬምበር የመጨረሻው ኀሙስ የምስጋና ቀን እንዲሆን ዐወጁ፤ በ1941 ደግሞ አራተኛው ኀሙስ እንዲሆን በሕግ ጸና። ስለዚህ በዓሉ በየዓመቱ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል።

ለእኛ ሰዎች ጭንቁ ከዚህ ይጀምራል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ይህም ኖቬምበር 24 ነው፥ በአንዳንድ ዓመት 25። እንግዲህ የምስጋና ቀን በአብዛኛው ዓመት በጾም ውስጥ ይውላል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የዋለው ኅዳር 19 ቀን ነበር። እናቲቱ ትጾማለች፤ ልጆቹ ግን ሰባት ዓመት ስላልሞላቸው ጾም አልደረሰባቸውም። ታዲያ ሦስት ሰው ለሁለት ተከፍሎ እንዴት በአንድ ገበታ ይቀመጥ?

ይህን ጥያቄ ይዘን አንድ ማታ የምግቡን ዝርዝር በወረቀት ጻፍን፤ በተራ ቍጥር ዐሥራ አራት ዓይነት ሆነ። ባለቤታችን ተቀብላ አነበበችውና ስምንቱን ሠረዘችው። «ብቻዋን የምትሠራ ሴት ናት፤ የምትፈርደው አንተ፥ የምታበስለው እርስዋ» አለችን። የቀረውም እንዲህ ያለ ነው። ለልጆቹ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ያልደረቀ ዶሮ፤ ለእናቲቱ በዘይት የተሠራ የዱባ ወጥ ከእንጀራ ጋራ፤ ለሦስቱም በአንድነት በምድጃ የበሰለ ስኳር ድንች፥ ፎሶሊያ በካሮት፥ ክራንቤሪ ከሚባለው ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ የሚሠራ ማባያ፥ ዳቦም። ዶሮው ብቻ ሲቀር ሌላው ሁሉ የጾም ስለ ሆነ፥ እናትና ልጆች ከአንድ ሳህን እየተቀባበሉ ይበላሉ። እንዲያውም ዱባውም፥ ስኳር ድንቹም፥ ፎሶሊያውም፥ በወጡ ውስጥ ያለው በርበሬ ራሱ ዘራቸው በመጀመሪያ ከአሜሪካ ምድር የወጣ ነውና፥ የዱባ ወጥ በዚያ ቀን ገበታ ላይ እንግዳ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቶአል። በዱባ የሚሠራውን የአገሩን ጣፋጭ ግን፥ ወተትና ዕንቍላል ስላለበት፥ ለልጆቹ ብቻ ሁለት ቍራጭ ከመደብር እንድትገዛ ነገርናት። ሁሉን በእጅ መሥራት ግድ አይደለም።

ክራንቤሪው ቀላል ነው። 340 ግራም የሚሆነውን ፍሬ ከአንድ ኩባያ ስኳርና ከአንድ ኩባያ ውኃ ጋራ ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢያፈሉት ፍሬው እየፈነዳ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝም ይረጋል። ይህና የዱባው ወጥ ረቡዕ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሚያልቁ ናቸው።

በዶሮው ላይ ግን ብዙ ክርክር ተነሣ። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን ወግ ነው፤ ሳይታጠብ የቀረበውን የሚቀምስ የለም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ደግሞ ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ይመክራል፤ ውኃው ሲፈናጠቅ በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን ወደ ሳህኑና ወደ አትክልቱ ይደርሳሉና፥ የሚገድላቸውም እሳት ነው እንጂ ውኃ አይደለም። ይህን ለባለቤታችን ስናስረዳ «እሺ፥ እነርሱ ይብሉት» አለችን። በመጨረሻ በዚህ ታረቅን፤ የማያጥብ ምክሩን ፈጽሞአል፤ ማጠብን ሊተው ያልቻለ ግን በመጀመሪያ አትክልቱን ሁሉ ከትፎ ከስፍራው ያርቅ፥ ሕፃናቱንም ያስወጣ፥ ዶሮውንም ከሚወርድ ቧንቧ በታች ሳይሆን በጥልቅ ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠብ፥ ከዚያም ዕቃውንና ማጠቢያውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይፈትግ። በእኛ አሳብ የመጀመሪያው ይሻላል፤ በቤታችን ግን ድምፃችን አላሸነፈም።

የሰዓቱ ነገር በመልካም ገጠመ። ብዙዎቹ አሜሪካውያን በዚያ ቀን ለማዕድ የሚቀመጡት በማታ ሳይሆን ከቀትር በኋላ ነው። እናቲቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የለመደች ናት። ስለዚህ ገበታው በዘጠኝ ሰዓት፥ በእነርሱ አቈጣጠር በሦስት ሰዓት እንዲቀርብ ተስማማን። በዚያ ቀን ጧት በኒው ዮርክ ከተማ ከ1924 ጀምሮ የሚደረገው ታላቁ የበዓል ሰልፍ በቴሌቪዥን ስለሚታይ ልጆቹ እርሱን ይመለከታሉ፤ እናቲቱም በዚያ ጊዜ ፎሶሊያውን ትሠራለች። ልጆቹ ግን ቀኑን ሙሉ ተመልካች ሊሆኑ አይገባም። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ስኳር ድንች ልታጥብና ሳህን ልትደረድር ትችላለች፤ የሦስት ዓመቱም ማንኪያ ይቈጥራል፥ ቢሳሳትም የሚጐዳ የለም።

በሰባት ሰዓት ዶሮው ዘይትና ጨው፥ ነጭ ሽንኵርትም ተቀብቶ በ350 ዲግሪ ፋራናይት ወደ ጋለው ምድጃ ይገባል፤ ስኳር ድንቹም በሌላ ዕቃ ከጐኑ። አንድ ኪሎ ተኩል የሆነ ዶሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። በዓይን አይታመንም፤ የሙቀት መለኪያው በጭኑ ወፍራም ሥጋ ውስጥ አጥንቱን ሳይነካ ተሰክቶ 165 ዲግሪ ሊያሳይ ይገባል። ባለፈው ዓመት ያ መለኪያ በቤቱ ቢኖር ኖሮ ግማሹ ልቅሶ በቀረ ነበር። ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል ዐርፎ ይቈረጣል። ለትንሹ ልጅ ሥጋው ከአጥንት ተለይቶ በጣት ይፈተፈታል፤ ወይን ቢቀርብ ፍሬው በቁመቱ ይሰነጠቃል፥ ለውዝም ከእርሱ ይራቃል፤ ሕፃን በእነዚህ በቀላሉ ይታነቃልና። የተረፈውም ከገበታ በተነሣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በዚያም ሦስት ወይም አራት ቀን ይቈያል።

በዚያ ኀሙስ በእኛ ሌሊት ሆኖ ሳለ ስልኩ ጮኸ። እናቲቱ ሁሉን በየተራው ነገረችን። ዶሮው በጊዜው ደረሰ፤ ስኳር ድንቹ ጥቂት ዐረረ። አራት ወንበር ነበርና አራተኛውን ምን እንደምታደርገው አስቀድማ ተጨንቃ ነበር፤ ሴት ልጇ ሳትጠየቅ የክራንቤሪውን ሳህንና ዳቦውን አስቀመጠችበት። ከዚያም ልጅቱ የእናቷን ሳህን አይታ «እኔም እንዳንቺ እጾማለሁ» አለች። እናቷ ሰባት ዓመት እስኪሞላት እንድትቈይ ብትነግራትም አልሰማችም፤ የደረሳትን የዶሮ እግር አንሥታ በወንድሟ ሳህን ላይ አኖረችና፥ እንጀራ ቈርሳ የዱባውን ወጥ መብላት ጀመረች።

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ምን አደርጋለሁ ጋሼ፤ ዱባው አቃጥሎአት ውኃ ስትጠጣ፥ ሳታየኝ አንድ ክንፍ በሳህኗ ላይ አኖርሁላት። በላችው።»