የጂንካ ጓዳና የዝናብ ወራት

የሰኔ ዝናብ ከመግባቱ በፊት ሽሮውን አስፈጭቶ፣ በርበሬውን ደልዞና አድርቆ፣ ማገዶውን ከጣራ ሥር አስገብቶ መጠበቅ እናቶቻችን ያወረሱን መልካም ልማድ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ሊበቃ ይችላል። በሥራ ዝውውር ወደ ጂንካ የምትሄዱ እኅቶች ግን ይህንኑ የጓዳ ዕቅድ ይዛችሁ ብትሄዱ ዝናቡ ይቀድማችኋል። በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ኅዳር ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል።

ጂንካ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱና መድኃኒቱ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር አልፎ በጭነት መኪና ይደርሳታል። ቀድሞ አውሮፕላን ያርፍ የነበረው በከተማዋ መካከል በሚገኝ የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ ዛሬ ከተማዋ የተሻለ ማረፊያ አላት፣ ዋናው መንገድም አስፋልት ሆኗል። ይሁን እንጂ ከአስፋልቱ ወደ ገጠር የሚገነጠሉት አብዛኞቹ መንገዶች የአፈር ናቸው። በቆላው ደግሞ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይባቸው፣ ቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ከስኬ ያሉ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። ያን ጊዜ ሹፌሩ ውሃው እስኪጎድል ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ዝናቡ የሚጥለውና ጉዳቱ የሚደርሰው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ የኦሞን ወንዝ ከዳርቻው አስወጥቶ፣ በታችኛው ሸለቆ በዳሰነች ምድር ከ360 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ የራስን ሰማይ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዕቃውና ውሃው ከሚመጡበት አገር ያለውንም የአየር ሁኔታ በሬዲዮ መከታተል ያስፈልጋል።

መንገድ ሲበላሽ ገበያው ሁለት መልክ ይይዛል። ከውጭ የሚገባው ይወደዳል፤ መውጣት ያልቻለው ይረክሳል። ሙዝና ማንጎ መንገድ እስኪደርቅ አይጠብቁም። የጤናው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የወባ ትንኝ የምትራባው ዝናቡ ባቆረው ውሃ ላይ በመሆኑ፣ መድኃኒት ጫኙ መኪና በሚዘገይበት ሰሞን ሕመሙ ይበረታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ዝግጅቱ በጥርና በየካቲት፣ ሁለተኛው ደግሞ በነሐሴ ይጀመር። ከእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ ጥቂት ጥቂት በመግዛት የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ምስር ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚህ በላይ ማከማቸት ግን የጎረቤትን ድርሻ መውሰድና ዋጋውን ራስ ማስወደድ ነው። ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ሆናችሁ በጋራ ገዝታችሁ ብትካፈሉ ይረክስላችኋል።

እህሉ በሚገባ ሳይደርቅ በጆንያ አይታሰር። ጆንያውም ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እርጥበት የሻገተውን በቆሎ አጥቦ ለልጅ ገንፎ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ሻጋታው የሚያፈራው መርዝ በማጠብም በመቀቀልም አይጠፋም። ልጆች በአጎበር ሥር ይተኙ። ትኩሳት የያዘውንም ልጅ ዝናቡ እስኪያባራ ብላችሁ አታቆዩት፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ድርጅት ውሰዱት።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። በዝናብ ወራት በጂንካ የቅዳሜ ገበያ ሙዝ ረክሶ ስታገኙ ደስ ይላችሁ ይሆናል። ሙዙን በጀርባዋ ተሸክማ ጭቃውን አቋርጣ የመጣችው እናት ግን በዚያው ገንዘብ የተወደደውን ጨውና ሳሙና ገዝታ ወደ ቤቷ መመለስ አለባት። መንገዱ የተበላሸው ለእናንተም ለእርሷም ነውና፣ ስትከራከሩ ይህን አትዘንጉ።